በጅቡቲ ሦስት እምቢተኛ ማሽኖች

ከጅቡቲ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሙቀቱ ነው። ሙቀቱ እውነት ነው፤ ያወሩላችሁን ሁሉ እመኑ። እኔ ግን ከሳምንቱ አብዛኛውን ያሳለፍኩት ጋቢ ተከናንቤ ነው። እንዴት እንደሆነ ከመነሻው ልንገራችሁ።

የምሠራው አንድ ዕቃ አስተላላፊ ድርጅት ውስጥ ነው፤ ሙያዬ ሰርቨር መጠበቅ ነው። ጅቡቲ ባለው ቅርንጫፋችን አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ሦስት ትልልቅ ሰርቨሮች አሉን። ሥራቸው እንዲገባችሁ አንድ ግቢ አስቡ። አከራዩ አንድ ነው፣ በውስጡ ግን ብዙ ቤተሰብ ተከራይቶ ይኖራል። እያንዳንዱ ሰርቨር እንዲህ ያለ አከራይ ነው፤ ተከራዮቹ ደግሞ በሶፍትዌር ብቻ ያሉ፣ በእጅ የማይዳሰሱ ኮምፒውተሮች ናቸው። አንዱ ተከራይ የዕቃ መልቀቂያ ያትማል፣ አንዱ ኢሜይል ይቀበላል፣ ሌላው የመርከቦችን መምጫ ይከታተላል። አከራዩ ራሱ የሚተዳደርበት ሶፍትዌር በአንድ ጥቅል ይመጣል፤ እኛ ኢሜጅ እንለዋለን። አዲስ ኢሜጅ ሲመጣለት ማሽኑ ዝም ብሎ አይቀበልም። ከታመነ ቦታ መምጣቱን፣ ከራሱ ዕቃዎች ጋር መስማማቱን ይመረምራል። የጅቡቲዎቹ ሦስቱም መርምረው «ኢሜጁ አልተረጋገጠም» አሉ፤ አሁንም አሁንም እንደዚያው።

በአሮጌው ኢሜጅ ላይ ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ ተገኝቶበት ስለነበር ዋናው መሥሪያ ቤት እስከ ሐሙስ ያልታደሰ ማሽን ሁሉ ከመስመር ይቆረጣል ብሏል። የጅቡቲዎቹ ከተቆረጡ መልቀቂያ አይታተምም፤ መልቀቂያ ካልታተመ የከባድ መኪና ሾፌሮቻችን ወደቡ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። በዚያ ላይ አለቃዬ ጋሽ መላኩ ያንን ክፍል ዘግተው ሥራውን ጠቅልለው አዲስ አበባ ለማምጣት ምክንያት ሲፈልጉ ቆይተዋል። ክፍሉ ከተዘጋ ደግሞ እዚያ ያለው ባለሙያችን ዋይስ ሥራ የለውም። ዋይስ ጭንቅ ቢለው ከሦስቱ አንዱን «ምርመራውን ተወውና ዝም ብለህ ተቀበል» ብሎ አስገድዶት ነበር። ማሽኑ ተኛ፤ አልነቃም።

«ሰላማዊት፣ ሄደሽ በዓይንሽ እዪው» አሉኝ ጋሽ መላኩ። «ማስገደድ ግን የለም።»

እሑድ

ባቡሩ ከለቡ ጠዋት ተነሣ። እህቴ ጅቡቲ ውስጥ ምግብ የለም የተባለች ይመስል ስትቋጥርልኝ አድራለች። አዋሽን ስንሻገር ሹራቤን አወለቅኩ፤ ድሬዳዋ ስንደርስ ካልሲዬን፤ ከዚያ ወዲያ በጨዋ ደንብ የሚወልቅ ነገር አልቀረኝም።

ደወሌ ላይ ፓስፖርት ልናስመታ ወረድን። ከአገሬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነበር። ማኅተሙን የመታልኝ ሰው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ እኔ ግን ቀለሙ እንዳይለቅ ቆሜ እፍ እላለሁ። ከኋላዬ ሰልፍ የያዘች ሴት ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

«እህቴ፣ ሻይ አይደለም እኮ» አለችኝ።

ዘነቡ ትባላለች። የወሎ ልጅ ናት፤ ጅቡቲ ሄሮን በሚባለው የባሕር ዳር ሰፈር ፈረንሣዮች ቤት ተቀምጣ ትሠራለች። እናቷን ጠይቃ፣ ፈቃዷን ጨርሳ እየተመለሰች ነው። ከዚያ እስከ ናጋድ አብረን ተቀምጠን ጎረቤቶቻችንን እስክናስቸግር ሳቅን። ናጋድ፣ የባቡሩ መጨረሻ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ ያለ ጣቢያ ነው። ወደ ማምሻው ደረስን። በሩ ሲከፈት አንድ ሰው ፊቴ ላይ የፀጉር ማድረቂያ የደቀነብኝ መሰለኝ። በግፊያው መካከል ከዘነቡ ጋር ሳንሰነባበት ተለያየን።

ዋይስ ውጭ ቆሞ ይጠብቀኛል። እስከዚያ ቀን የማውቀው በስልክ ድምፁን ብቻ ነው። ሲበዛ ረጅም ነው፤ የጅቡቲ ሶማሌ፣ ድሬዳዋ የተማረ፣ አማርኛው ከኔ የፈጠነ። ታክሲ ውስጥ ከገባን በኋላ ሲርበኝ የቦርሳዬን የጎን ኪስ ዳበስኩ፤ ዳቦ ቆሎ እጄ ገባ። «እህቴ ነች እኮ» ብዬ እየመረቅኳት ለዋይስ አካፈልኩት። ሾፌሩም እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። ከተማ ስንደርስ ዳቦ ቆሎው አልቆ ነበር።

የተያዘልኝ እንግዳ ማረፊያ ስንደርስ ኤሲው ተበላሽቷል። ባለቤቱ በፈረንሣይኛ ረጅም ንግግር አደረገልኝ፤ ዋይስ «ነገ ይሠራል ነው የሚለው» ብሎ አሳጠረው። በዚህ መካከል የቅርንጫፉ ቢሮ ኃላፊ ወይዘሮ ጽጌ ልትቀበለኝ መጣች። አያቷ በቀድሞው ባቡር ዘመን ከድሬዳዋ መጥተው እዚያው የቀሩ ናቸው፤ እሷ ጅቡቲ ተወልዳ እዚያው ጡረታዋ ደርሷል። ክፍሉን በበሩ አሻግራ አየችና ቦርሳዬን ብድግ አደረገች።

«እዚህ ከምታድሪ ምድጃ ውስጥ ብትገቢ ይሻልሻል። ነይ የኔ ልጅ፣ ቤት አለ።»

ቤቷ ካርቲዬ ሁለት ነው፤ እዚያ ሰፈሮቹን በቁጥር ነው የሚጠሯቸው፤ እንደኛ «ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ» ማለት የለም ብዬ ነበር፤ አለ። ካርቲዬ ሁለት፣ ከዳቦ ቤቱ ገባ ብሎ። ታጥቤ ልብስ ልቀይር ቦርሳዬን ስከፍት ግማሽ ጆንያ በርበሬ፣ ሁለት ነጠላና አንድ ጥንድ የልጅ ጫማ አገኘሁ። ከዚህኛው በመልክ የማይለየው የኔ ቦርሳ፣ ኢሜጁን የያዘው ዲስክ ያለበት፣ ሄሮን ደርሷል። የበላነው ዳቦ ቆሎ የዘነቡ ነው።

ሰኞ

እትዬ ጽጌ አልደነገጠችም። «ዘነቡ? ሄሮን? ፈረንሣይ ቤት?» ብላ አንድ ስልክ ደወለች። የደወለችላት ሴት ሌላ ሴት ጋ ደወለች። አዲስ አበባ የጎረቤቴን ስም ሳላውቅ ዓመት አልፏል፤ እዚያ ግን ከቤተ ክርስቲያን የሚተዋወቁት ኢትዮጵያውያን በሙሉ፣ ቁርሳችንን ረጅሙን ዳቦ በሻይ በልተን ሳንጨርስ፣ የኔን ቦርሳ እየፈለጉ ነበር።

ያለ ዲስኩም ቢሆን ማሽኖቹን ማየት እችላለሁና ወደ ቢሮ ሄድን። ውጭው እንደዚያ እየነደደ ዋይስ የሰርቨሩን ክፍል በር ሲከፍተው ደብረ ብርሃን ገባሁ አልኩ። ማሽኖቹ እንዳይግሉ ሁለት ኤሲ ሌት ተቀን ይነፋል። እና መደርደሪያው ሥር፣ በሥርዓት ተደርድረው፣ አንድ ሐብሐብ፣ የውኃ ጠርሙሶች፣ በሣህን የተከደነ ዓሣም ይታዩኛል።

«ይህ ምንድን ነው?» አልኩ።

ዋይስ አንገቱን አከከ። «ማዳም ጽጌ ናቸው። የቢሮው ፍሪጅ ትንሽ ነው።»

«ማሽኑን አይነካም እኮ» አለች እትዬ ጽጌ ከበሩ። «ፍርድ ቤት ብትወስጂኝም ሐብሐቤ አይወጣም።» ወጣች፤ ጋቢ ይዛ ተመለሰችና ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገችልኝ። ከዚያ ወዲያ ሳምንቱን ሙሉ በጅቡቲ ከተማ በብርድ ጥርሷ የሚንገጫገጭ ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ሁለቱ ማሽኖች የሦስቱን ተከራዮች ተሸክመው እያቃሰቱ ይሠራሉ። ሦስተኛው ተኝቷል። ከሁለቱ የአንዱን መዝገብ ስናይ ቅሬታው አንድ ሳይሆን ብዙ ነው፤ ስለ አንድ የኔትወርክ ካርድ ያጉረመርማል፣ ከዚያ ስለ ፊርማ፣ ከዚያ እንደገና ስለ ካርዱ። ከየት እንደምንጀምር ስንከራከር ስልክ መጣ፤ ዘነቡ ተገኝታለች።

ሄሮን ያሉት ቤቶች ሰፋፊ በረንዳ ያላቸው፣ የድሮ የፈረንሣይ ቤቶች ናቸው። ዘነቡ በሩ ላይ ቦርሳዬን አቅፋ ትጠብቃለች።

«ከፍቼ ሳየው ሽቦ ብቻ» አለችኝ። «በስመአብ፣ ይህች ሴት ምን ተሸክማ ነው የምትዞረው አልኩ።»

«ዘነቡ፣ አንድ የምነግርሽ ነገር አለ። ዳቦ ቆሎሽን በልተነዋል።»

«ሁሉንም?»

«ሾፌሩም ነበር።»

የበሩን ብረት ይዛ እስክትንበረከክ ሳቀች። «ለማዳሜ ያመጣሁት ነበር። እሷ እንኳ ጥርሷን ያማታል፤ ተገላገለች።» ከመሄዳችን በፊት ዓርብ ዕረፍቷ መሆኑን ነገረችኝና ቀጠሮ ያዝን።

ማክሰኞ

ዲስኩ እጄ ገብቷል፣ ጋቢው አለኝ፤ ከካርዱ ለመጀመር ተስማማን። ማሽኖቹን መጀመሪያ የተከለ ሰው ከብዙ ጊዜ በፊት ለአንድ የኔትወርክ ካርድ ድራይቨር፣ ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር፣ ጭኖ ነበር። ካርዱ ተነቅሎ ተጥሏል፤ ድራይቨሩ ግን ቀርቷል። ተከራዩ ለቆ ሄዶ ውሻው ግቢ እንደቀረ ማለት ነው። አዲሱ ኢሜጅ ሊገባ ሲል ይህ ውሻ ይጮኽበታል። ዋይስ እስከዚያ ድረስ ውሻው እንዳለ አላወቀም፤ እኔም ብሆን ከአዲስ አበባ አልታየኝም።

ልናስወጣው ስንዘጋጅ መንገዱ በጥሩምባ ተናወጠ። ብድግ አልኩ።

«ምንም አይደለም፤ ጫት መጣ» አለ ዋይስ።

ጫቱ ጠዋት ከኛ አገር ተቆርጦ ቀን ላይ ጅቡቲ ይገባል። እሱ ከገባ በኋላ ከተማው ይዘጋል፤ ባንኩም ሱቁም እስከ አመሻሹ ያርፋል። እኛ አገር አንድ ቢሮ ምሳ ሰዓት ላይ ከተዘጋ ሰው ይጨቃጨቃል፤ እዚያ የሚጨቃጨቅ አላየሁም፤ በዚያ ፀሐይ ማን ጉልበት አለው። ዋይስ አይቅምም፤ ነገር ግን ጥበቃው ሕንፃውን ሊቆልፍ ስለሆነ ወጣን።

ያንን ረጅም ቀትር እትዬ ጽጌ ቤት አሳለፍኩት። ለሁለት ተሰንጥቆ በእሳት የተጠበሰ ትልቅ ዓሣ በሣህኑ ሙሉ አቀረበችልኝ፤ የየመኖች አሠራር ነው አለች። ከጎኑ ላሆሕ ነበር፤ ዓይን ያለው፣ ቀጭን፣ የእንጀራ የአጎት ልጅ። በእጄ ቆርሼ ስጠቀልል እትዬ ጽጌ ሳቀች፤ «እሱን እንደ እንጀራ ከያዝሽው ያመልጥሻል።» አመለጠኝ፤ ቀሚሴ ላይ። ጎረቤቷ ሶማሌ ሴት በአጥሩ አሻግራ አይታኝ ነበር መሰለኝ፣ ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ላከችልኝ። ከእትዬ ጽጌ ጋር ግማሹን በሶማሌኛ ግማሹን በፈረንሣይኛ ስለኔ አወሩ። ምን አለች ብዬ ብጠይቅ «ቀጭን ናት፣ ማሽን ነው የሚበላት አለች» ብላ ተረጎመችልኝ።

አመሻሽ ላይ ተመልሰን ድራይቨሩን ከሁለቱ ማሽኖች ላይ አወጣን። ምርመራውን አዘዝን። ጠበቅን። ቀይ መጣ፤ ነገር ግን ቃሉ ሌላ ነው፤ የካርዱ ነገር የለም። በኛ ሙያ ስህተቱ ሲቀየር እንደ ሠርግ ነው። ዋይስና እኔ እጅ ለእጅ ተማታን። እትዬ ጽጌ በሩን ከፍታ «ተሠራ?» አለች።

«አልተሠራም» አልናት በአንድ ድምፅ፣ ጥርሳችንን ሁሉ እያሳየን።

ረቡዕ

አዲሱ ስህተት የኢሜጁ ፊርማ «ገና አልጸናም» ይላል። ኢሜጅ ሲሠራ ሠሪው ይፈርምበታል፤ ማሽኑ ፊርማውን አይቶ ነው የሚያምነው። ፊርማው የተበላሸ ሲሆን አይቻለሁ፤ ጊዜው ያለፈበት ሲሆንም አይቻለሁ። «ገና» ግን አጋጥሞኝ አያውቅም። ሻዬን ይዤ ቃሏን እያየሁ ቆየሁና ለዋይስ እንዲህ አልኩት፤

«ይህ ማሽን ዛሬ ቀኑ ስንት ነው የሚለው?»

ዋይስ ትእዛዙን ጻፈ። አነበበው። ስልኩን አውጥቶ አየ። እንደገና አነበበው።

«እህት ሰላማዊት» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «እኔ በዚህ ቀን ገና አላገባሁም።»

ማሽኑ ከሰባት ዓመት በላይ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሁለተኛውን አየን፤ እሱም እንደዚያው። አዲሱ ኢሜጅ የተፈረመው አምና ነው፤ ማሽኖቹ ደግሞ ከዚያ በፊት ነው የሚኖሩት። ያልተፈረመ ፊርማ እንዴት ይመኑ? ተከራዮቹ ሰዓታቸውን ከሌላ ቦታ ስለሚወስዱ በትክክለኛው ዓመት እየኖሩ፣ አከራዩ ብቻውን ሰባት ዓመት ወደ ኋላ ተቸክሎ ነበር።

ለምን እንደሆነ ልንጠይቅ አፋችንን ስንከፍት እትዬ ጽጌ ሐብሐቧን ልትወስድ ገባች።

«ማዳም ጽጌ፣ እኔ ዓሊ ሳቢሕ ለቅሶ ሄጄ መብራት የጠፋ ጊዜ፣ ቀኑን በስልክ ያስሞላሁዎት ትዝ ይልዎታል?» አላት ዋይስ።

«እንዴት አይለኝም። ሦስቱም ማሽን ላይ ራሴ ነኝ የሞላሁት። አንተ ‹የዛሬን ቀን ያስገቡ› አልከኝ፤ አስገባሁ።»

«ምን ብለው አስገቡ?» አልኩ እኔ።

«የዕለቱን ነዋ። የእንቁጣጣሽ ማግስት አልነበር? ወሩን አንድ፣ ዓመቱን አዲሱን…» ሐብሐቡን እንዳቀፈች ቆመች። ፊቷ ላይ ነገሩ ቀስ እያለ ሲደርስ አየሁት። «ወይኔ ጉዴ። የሐበሻውን።»

ማሽኖቹ ውስጥ ያሉት ትንንሽ ባትሪዎች አርጅተው ስለነበር መብራቱ ሲጠፋ ሰዓታቸው ጠፍቶ ነበር። እሷም ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አደይ አበባ በአእምሮዋ እንደያዘች፣ ሦስቱንም በደስታ አዲስ ዓመት ውስጥ አስገባቻቸው።

«በፈረንሣይኛ ብትጠይቀኝ የፈረንጁን እሞላልህ ነበር» አለችው ዋይስን። «በአማርኛ ጠየቅከኝ፤ በአማርኛ መለስኩ።»

መጀመሪያ የሳቀው ዋይስ ነው፤ ከዚያ እኔ፤ ጋቢዬን አፌ ውስጥ ከትቼ። ትንሽ ስንረጋጋ «ማሽኑ ያለበት ዓመት ላይ የት ነበርን?» ተባባልን። እኔ አዲስ ተቀጣሪ ነበርኩ፤ ገመድ ነበር የምሸከመው። ዋይስ ገና ከእናቱ ቤት አልወጣም ነበር።

«የኔ ባል በሕይወት ነበር» አለች እትዬ ጽጌ።

እሷ ኤሲውን ቀና ብላ አየችው። «ያን ጊዜም ይህ ነገር ይንጠባጠብ ነበር» አለችና ራሷ ሳቀች፤ እኛም ተከተልናት።

ሰዓቱን አስተካከልን፤ ከእንግዲህም በሰው እጅ ሳይሆን ከኔትወርኩ ራሱ እንዲቀበል አደረግነው። ምርመራውን አዘዝን። አረንጓዴ መጣ። ከአንዱ ማሽን ተከራዮቹን አንድ በአንድ ወደ ጎረቤቱ አዛወርን፤ ልብሳቸውን እንኳ ሳይቋጥሩ፣ ሥራ ላይ እንዳሉ ነው የሚዛወሩት። ባዶውን ማሽን አደስነው። ጠፍቶ እስኪነሣ ሦስታችንም ቆመን ጠበቅን። ተነሣ።

ከዚያ ጋሽ መላኩ ጋ መደወል ነበረብን። እትዬ ጽጌ ሳቋ ጠፋ። ጡረታ ልትወጣ ጥቂት ቀርቷታል፤ ጋሽ መላኩ ደግሞ ቀልድ የማያውቁ ሰው ተብለው የሚፈሩ ናቸው። እኔ «የሰዓት ችግር ነበር እላለሁ፤ በዚያው ያልፋል» አልኳት።

«ስልኩን ስጪኝ» አለችኝ። «የሞላሁት እኔ፤ የምናገረውም እኔ።»

ድምፁን ለሁላችንም አድርጋ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገረቻቸው፤ ለቅሶውን፣ እንቁጣጣሹን፣ ወሩን አንድ ማለቷን፣ የሐብሐቡን ነገር እንኳ አልደበቀችም። ዋይስ መሬት መሬት ያያል።

«ወይዘሮ ጽጌ» አሉ ጋሽ መላኩ በመጨረሻ። «አስተካከላችሁት ማለት ነው? ወደ ዘንድሮ መለሳችሁት?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«ያን ዓመት እኮ ፀጉር ነበረኝ። ባትነኩት ይሻል ነበር።»

ከኋላቸው የአዲስ አበባ ቢሮ በሙሉ ሲስቅ ተሰማ። እትዬ ጽጌ ሐብሐቡን እዚያው መደርደሪያው ሥር አስቀምጣ ቆረጠችው።

ሐሙስ

የቀሩት ሁለቱ ናቸው። የሚሠራውን ያለ ችግር አደስነው። የተኛው አስቸገረን። ከዲስኩ እንደ አዲስ ልንጭንለት ስንነሣ ዲስኩ የሚሰካበትን ቀዳዳ አቧራ ዘግቶታል፤ ዋይስ የእትዬ ጽጌን የቅንድብ መቆንጠጫ ተውሶ አጸዳው። እሱ ሲጸዳ የማሽኑ መክደኛ ብሎን ከእጄ አምልጦ ኤሲው ሥር ገባ። በሆዴ ተኝቼ ፈለግኩት፤ የተንጠባጠበው ውኃ ውስጥ አገኘሁት። ከብሎኑ ጋር የጠፋ የጆሮ ጌጥም አገኘሁ፤ እትዬ ጽጌ ስታየው ሳመችኝ።

ሰዓቱን መጀመሪያ አስተካከልን፤ ከዚያ ጫንን። የማሽኑ መስኮት ረጅም ጊዜ ጥቁር ሆኖ ቆየ። የዋይስ ሥራ፣ ልጆቹ፣ የቤት ኪራዩ በዚያ ጥቁር መስኮት ውስጥ እንዳሉ አውቃለሁ። ነጭ ጽሑፍ መጣ፤ ከዚያ የማሽኑ ስም። ዋይስ ረጅም ሰውነቱን አጥፎ መሬት ተቀመጠና ፊቱን በእጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ እያለቀሰ መስሎኝ ነበር፤ ቀረብ ስል እየሳቀ ነው። ምናልባት ሁለቱንም።

የመቁረጫው ሰዓት ሳይደርስ ጋሽ መላኩ ሦስቱንም ከአዲስ አበባ አይተው አጭር መልስ ላኩ፤ «ክፍሉ ይቆይ። ባትሪ ይገዛ። ሐብሐቡ ይውጣ።» እትዬ ጽጌ ሦስተኛውን እንዳላነበበች ሆነች። ከምሳ በኋላ ዋይስ ወደቡ በር ወሰደኝ። የኛ ሾፌሮች መልቀቂያቸውን እየያዙ፣ ሞተር እያሞቁ፣ ለጉዞ ተሰልፈዋል። አንዱ «ዛሬ ፈጠነሳ» ብሎ ለጓደኛው ሲጮኽ ሰማሁ። ልናገር አስቤ ተውኩት፤ ከየት ይጀመራል?

ዓርብ

እዚያ የዕረፍት ቀን ዓርብ ነው። ዘነቡ ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ጠረኗ ሳሙና ሳሙና እያለ መጣች። እትዬ ጽጌ ጃንጥላ ይዛ አብራን ወጣች፤ ወደ ባሕሩ ዳር።

«የማዳሜ ወጥ ቤት መስኮት ባሕሩን ነው የሚያየው» አለችኝ ዘነቡ። «ልጆቹ በየቀኑ ይገቡበታል። ጨዋማ መሆኑን የማውቀው ልብሳቸውን ሳጥብ ነው። እኔ ገብቼ አላውቅም።»

«ስንት ዘመን እዚህ ኖረሽ?»

«ማን ይዞኝ ይግባ?»

እጇን ያዝኩና ገባን። እኔ ሐይቅ እንጂ ባሕር አይቼ አላውቅም፤ ሐዋሳ ሁለት እርምጃ ከገባችሁ ይጠልቃል። ይህ ባሕር ግን፣ የሚሸሽበት ሰዓት ሆኖ፣ ከዳሩ ርቆ ነበር። ሄድን፣ ሄድን፤ ውኃው ቁርጭምጭሚታችን ላይ ነው። እትዬ ጽጌ ከዳር ሆና «አታንሲዮን! አታንሲዮን!» ትላለች፤ በፈረንሣይኛ ተጠንቀቁ ማለቷ ነው፤ እኛ ደግሞ የሚያሰጥም ባሕር እየፈለግን ነን። ጃንጥላዋ አንዲት ነጥብ እስክትሆን ብንሄድ ጉልበታችን አልረጠበም።

«በቃ፣ እንቀመጥበት» አለች ዘነቡ።

በቀሚሳችን ባሕሩ ውስጥ ዘጭ ብለን ተቀመጥን። ውኃው ለብ ያለ ነው፤ ሰው ያሞቀልን ያህል። ዘነቡ በእጇ ጨልፋ ቀመሰችና ፊቷን አጨማደደች። «እውነትም ነው» አለች፣ ከዚያ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ ሰማይ ሰማይ እያየች ሳቀች። ትንሽ ማዕበል መጥቶ ገፋን፤ ሁለታችንም ተንጋለልን፤ አፌ በጨው ተሞላ፤ በሕይወቴ እንደዚያ የተደሰትኩበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ቅዳሜ

ናጋድ ድረስ ሦስቱም ሸኙኝ። ቦርሳዬን ዘነቡ ራሷ ከፍታ፣ የኔ መሆኑን አረጋግጣ ሰጠችኝ። እትዬ ጽጌ ዓሣ ልትቋጥርልኝ ነበር፤ በባቡሩ ውስጥ ያሉትን ተሳፋሪዎች አስቤ ለመንኳትና ተወችው። ዋይስ እጄን ይዞ ብዙ ሊናገር ፈልጎ «ደርሰሽ ደውይ» ብቻ አለኝ።

ከጎኔ የተቀመጡት የድሬዳዋ ነጋዴ ሽማግሌ ነበሩ። ደወሌን እንዳለፍን ወሬ ጀመሩ።

«ጅቡቲ ምን ልትሠሪ ሄደሽ ነበር፣ ልጄ?»

ላስረዳቸው ሞከርኩ። አከራይ አልኩ፣ ተከራይ አልኩ፣ ኢሜጅ አልኩ፤ በትዕግሥት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ዓይናቸው ግን ወደ መስኮቱ ሄዷል። አዘንኩላቸውና አሳጠርኩት።

«የተበላሸ ሰዓት ላስተካክል ነው የሄድኩት» አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። «ይኸውልሽ፣ እንደሱ በይኛ» አሉና የእጅ ሰዓታቸውን ፈትተው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ከቆመ ከርሟል። እስቲ እዪልኝ።»

ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት፣ ነቀነቅኩት፣ ጀርባውን ገልብጬ አየሁት።

«ባትሪው አልቋል፣ አባቴ» አልኳቸው።

«ባለሙያ እኮ ያስታውቃል» አሉ፤ ቀጥሎም በወዲያ በኩል የተቀመጡትን ሰውዬ ቀሰቀሱና ወደኔ እየጠቆሙ፣ የሳቸውም ሰዓት እንዲወጣ አዘዙ።